ጀርባውን ይመልከቱ

ባለፈው ሳምንት ያልነበራችሁ አይዟችሁ፣ ብዙ አላመለጣችሁም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በመስታወት በተከፈለ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ የሰው ፍቅር ወደ አማርኛ ሲመልሱ የራሳቸውን ሳይናገሩ ቀሩ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሴትየዋ እኔ ነኝ። እሁድ ከሰዓት የ«ማማው» የመጨረሻ ክፍል ይተላለፋል። እናቴ ለዚያ ቀን የኢንጂነሩን እናት ጠርታለች፤ ድራማው ሲያልቅ ልጃቸውን ለማግባት እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ። ያ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ወንድ ደግሞ የዚያኑ ዕለት በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ወዳገኘው ሥራ ይሄዳል። እስከዚያ ካልተናገርን አለቀልን ማለት ነው።

«ማማው» ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካለ በእውነት ይታዘንለታል። ከባሕር ማዶ የመጣ ተከታታይ ድራማ ነው፤ በመብራት ማማ ላይ የምትኖር ሴትና አንድ ጀልባ ሠሪ ይዋደዳሉ፣ አባቷ አይሆንም ይላል። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታክሲ አይገኝም። ሠፈራችን ያለችው ፀጉር ሠሪ ደንበኛዋን ግማሽ ራሷን ሠርታ ቴሌቪዥኑ ፊት ትገትራታለች። የማማዋ ሴት ድምፅ እኔ ነኝ። ፊቴን የሚያውቀው የለም፤ አፌን ስከፍት ግን ጉድ ይፈላል። አንድ ቀን ሱቅ ገብቼ ሳሙና ብጠይቅ ባለሱቁ ሚዛኑን አስቀምጦ «አንቺ! ያንን ምስኪን ልጅ በዝናብ ያቆምሽው ምን አድርጎሽ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሳሙናውን ሳልይዝ ወጣሁ።

እሱ ተርጓሚው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ «ጀርባ» ብለን እንጠራዋለን፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። የድራማ ተርጓሚ የከንፈር ባሪያ ነው። ተዋናዩ ከንፈሩን ሲገጥም የእኛም ቃል መግጠም አለበት፤ እዚያ ላይ «መ» ወይም «በ» ካልተገኘ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ይጣላል። ተዋናዩ ጀርባውን ሲሰጥ ግን ከንፈር የለም፤ የፈለጉትን ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ተርጓሚዎች ጀርባ ሲያገኙ ያርፋሉ። እሱ ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። አንዴ ጀልባ ሠሪው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ «መሸ» ብቻ ይላል። በእሱ አማርኛ «መሸ። እኔ ግን ካንቺ ጋር ስሆን ሰዓት ማየት ከተውኩ ቆየሁ» ሆኖ ተላለፈ። ሳምንቱን ሙሉ ባሎች ሁሉ ከሚስቶቻቸው ወቀሳ ሲቀበሉ ከረሙ።

እሱ የዘበኛችን ልጅ ነው።

እንደዛሬው አምስት መቶ ጣቢያ ሳይመጣ፣ ሰው ሁሉ ድራማውን በመዳፉ ይዞ አውቶቡስ ላይ ብቻውን መሳቅ ሳይጀምር፣ በመንገዳችን አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበረ፤ እሱም የእኛ። ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ እናቴ የጠለፈችው ልብስ ይደረብበታል። ቅዳሜ የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር፣ ተወዳዳሪዎቹ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ገብተው የሚያልባቸው። አንድ እጁን ጓንት ውስጥ ደብቆ ሌባ የሚይዝ መርማሪና ውሻው ነበሩ። ወርቅ የሚታደልበት ይመስል ሁላችንም በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ላይ እናፈጥ ነበር። እኔ ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ። የሠፈሩ ልጆች መስኮቱን ከውጭ ይሞሉታል። እሱ መሀል ላይ ነው። በቅጡ የማይሰማውን ድምፅ ከራሱ እየፈጠረ ለጓደኞቹ ያወራላቸዋል፤ መርማሪውን ይሆናል፣ ሌባውን ይሆናል፣ ውሻውን ሳይቀር ያናግረዋል።

ስቱዲዮ በተገናኘን በመጀመሪያው ወር እየሳቀ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «እርስዎ ቤት እኛ መስኮቱ ጋ ስንደርስ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነስ ነበር። ሁልጊዜ። የማን እጅ እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል።» አፉ ሳቀ እንጂ ዓይኑ አልሳቀም። እጁ የእኔ ነበር። ምክንያቱን ልነግረው አፌን ስከፍት ቴክኒሻኑ ቀዩን መብራት አበራና ቀረጻ ጀመርን። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ስል ነገሩ ሆዴ ውስጥ አረጀ። ቂሙን ይዞብኛል እያልኩ ፈራሁት፤ እሱ ደግሞ ዝምታዬን እንደ ኩራት ቆጠረው።

«እርስዎ» ማለቱን ያስተዋላችሁ እንደሆነ፣ አራት ወር ሙሉ እንዲያ ነበር የሚለኝ። አባቱ ዛሬም እንዲያ ይለኛል። በአምስተኛው ወር ግን አንድ ጠዋት ሳል ይዞኝ ስገባ የጆሮ ማዳመጫውን እንዳጠለቀ «ምነው፣ ብርድ መታሽ እንዴ?» አለ። ሁለታችንም ደነገጥን። ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ተመልሶ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ሆንኩ። አንድ ፊደል እንዲህ ሰውን ያሞቃል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

እናቴ ባለፈው ረቡዕ ይህን አፈረሰችው። አባቱ ጡረታ ቢወጡም በየጊዜው ሊጠይቁን ይመጣሉ፤ ሻይ ቀዳችላቸውና «ደስ ይበልህ፣ ልጃችን ልታገባ ነው» አለቻቸው። እኔ ገና አንድም ቃል አልመለስኩም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሐሙስ ስቱዲዮ ስገባ እሱ ከወንበሩ ተነሣ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ።

የተናገረው እንደ ሰላምታ ነበር፣ እኔ ላይ ግን በር ሲዘጋ ሰማሁ። «ማን ነገረህ?» ማለት ስችል፣ «ውሸት ነው» ማለት ስችል፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አመሰግናለሁ» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ። የተናደደች ሴት የማትለው የለም።

ዓርብ የመጨረሻው ቀረጻ ነበር። ሠላሳ አንደኛው ትዕይንት ላይ የማማዋ ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ረጅሙን ደረጃ ትወጣለች፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ። ድራማው በተሠራበት ቋንቋ እዚያ ላይ ዘፈን ነበረ፤ ዘፈኑ ግን ውላችን ውስጥ ስለሌለ ፊልሙ ድምፅ አልባ ሆኖ ደረሰን። ሁለት ደቂቃ ጀርባ! እሱ ምን እንደሚጽፍልኝ ለማየት ሳምንቱን ሙሉ ስጓጓ ነበር። ወረቀቱን ሳነሣ እንዲህ ይላል፤

«ትዕይንት 31። ደረጃው። ጀርባ። ጀርባውን ይመልከቱ።»

ከዚያ በታች ባዶ ነው። እኔ እስከማውቀው በእኛ ሥራ «ጀርባውን ይመልከቱ» ማለት የተዋናዩን ጀርባ እያዩ ይናገሩ፣ ሲዞር ያቁሙ ማለት ነው። መቶ ጊዜ ጽፎልኛል። ግን ምን ልናገር? ለጀልባ ሠሪው፣ ለአሣ ነጋዴዋ፣ ለፖስተኛው ሁሉ ቃል ያላነሰው ሰው ለእኔ ሲደርስ ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። ቀና ብዬ በመስታወቱ አየሁት። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው እስክሪብቶውን ጨብጧል።

«ባዶ ነው እንዴ?» አለ ቴክኒሻኑ። «ሙዚቃ እንጣልበት?»

«አይ፣ ይቅረጹ» አልኩ።

ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ምን እንደተናገርኩ እሁድ አገር ሲሰማ ትሰማላችሁ። ብቻ ስጨርስ ማዳመጫዬን አወለቅኩ። ቴክኒሻኑ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርጋል። «ሠላሳ ዓመት ይሄን ነገር ጆሮዬ ላይ አድርጌያለሁ» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ወደ መስታወቱ ማዶ ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው፣ በሩ ተከፍቶ ቀርቷል። እሱ ወጥቶ ሄዷል።

ያ መልሱ ነው ብዬ ወሰድኩት። ቅዳሜ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ልቤን ሸጉጬ ለኢንጂነሩ እናት የምለውን «እሺ» መለማመድ ጀመርኩ፤ እሱንም ቢሆን በሰው ድምፅ።

እሁድ እናቴ እንደ ልማዷ ጠዋት የድራማውን ጽሑፍ ከቦርሳዬ ወስዳ አነበበችው። ቀድማ ታነበዋለች፣ ከሰዓት ደግሞ አዲስ እንደሆነባት ታለቅሳለች። ቁርስ ላይ ዝም አለችኝ፤ የእንግዳው ጭንቀት መሰለኝ። ስምንት ተኩል ላይ የኢንጂነሩ እናት መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሽቷቸው ከእሳቸው ቀድሞ ይገባል፣ ልባቸው ግን ገር ነው። ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደረደርን።

ድራማው ተጀመረ። እናቴ የማማዋን ሴት አባት ባየችው ቁጥር «አንተ ደንቆሮ!» ትለዋለች፤ ስምንት ወር ሙሉ እንዲሁ ስትረግመው ኖራለች። ከዚያ ደረጃው መጣ። ጀርባ። ድምፄ ሳሎኑን ሞላው።

«ከውጭ ቆመህ ስታወራ ትዝ ይልሃል? አንተ ከመስታወቱ ማዶ፣ እኔ ወዲህ። የቤታችንን ድምፅ ሁሉ ዝቅ የማደርገው እኔ ነበርኩ። የነፈግኩህ መስሎህ ኖረሃል። አልነፈግኩህም። ያንተን ልሰማ ነበር።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የማማዋ ሴት መስኮት ላይ ማንም ቆሞ አያውቅም፤ ድራማውን ስምንት ወር ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከእሷ ጎን የኢንጂነሩ እናት እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል።

«ውይ፣ ውይ» አሉ፣ «ይሄ ሁሉ የሚባልለት ወንድ ምንኛ የታደለ ነው!»

እናቴ የተቀመጠችበትን ትራስ አነሣችና የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የዓርቡን ወረቀት።

«ልጄ፣ ጀርባውን ይመልከቱ ይላል እኮ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተሰባብሯል። «አላገላበጥሽውም?»

ገለበጥኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጽፎበታል። እኔ የሥራ ነገር ነው ያልኩት ማንኛውም ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ ወረቀቱን ማገላበጥ። የማማዋ ሴት የምትለው ስንብት ነው፤ ግርጌው ላይ ለእኔ እንዲህ ይላል፤

«ከላይ የጻፍኩት የስንብት ቃል ነው። እንዳለ ካነበብሽው ደህና ሁን ብለሽኛል ማለት ነው፤ ቅር አይለኝም፣ ሠርግሽም ያማረ ይሁን። አንዲት ቃል ብትለውጪበት ግን ይገባኛል። እሁድ ማማው ሲተላለፍ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ አባቴ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ ሲያልቅ ወደ አውቶቡሱ እሄዳለሁ።»

አንዲት ቃል ነበር የለመነኝ። እኔ ሳላውቀው ጨርሼ ሌላ ተናገርኩ፤ እሱ ሰምቶ፣ ገብቶት፣ እንባውን ደብቆ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ እንደማውቅ እያሰበ ጠብቆኛል። አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

«ጠዋት አይቼዋለሁ» አለች እናቴ። «ልቀደው ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ልቀደው ነበር።» ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመች። «ስምንት ወር ሙሉ ያንን አባት ስረግም ኖሬ፣ በገዛ ሳሎኔ እኔው ሆኜ ቁጭ ልበል?»

የኢንጂነሩ እናት መሀረባቸውን እንደያዙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። ተነሥቼ ጎንበስ አልኩላቸው።

«እውነትዎን ነው፣ የታደለ ነው» አልኳቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእርስዎ ልጅ ግን አይደለም።»

እናቴ «ሂጂ እንጂ፣ ሊያልቅ ነው!» ብላ ጮኸች። ጫማዬን ግራና ቀኙን አቀያይሬ እንደሆነ አላውቅም፤ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ፀሐዩ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። እና ከመጀመሪያው ቤት እኔ እናገራለሁ።

«...ውስጥ ያለው ታሪክ ለሁሉም የተሠራ ነበር። ያንተን ግን የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ...»

ከሁለተኛው ቤት እኔው። ከመድኃኒት ቤቱ እኔው። ከፀጉር ቤቷ፣ ከጫማ ሠሪው፣ ከፎቁ ሁሉ መስኮት። ዲሽ ያለው ቤት ከአንቴናው ቤት ትንሽ ዘግየት ስለሚል አንዱ የጀመርኩትን ሌላው ይቀበለዋል፤ ቃሌ ከኋላዬ እየተከተለኝ ከፊቴም ይጠብቀኛል። ማይክራፎን ፊት ቆሜ እንጂ እንዲህ አገር መሀል ቆሜ ድምፄን ሰምቼ አላውቅም። ከግድግዳው ሁሉ፣ ከማላውቀው ሰው ቤት ሁሉ፣ ደብቄ ያስረጀሁት ነገር ያለ ኀፍረት ይወጣል። መሮጥ ጀመርኩ።

«...ትልቅ ቤት ነው ያደግሽው ይሉኛል። ትልቅ የሚሆነው አንተ ስትመጣ ብቻ ነበር...»

ሦስተኛውን መታጠፊያ ስዞር አየሁት። በአባቱ በር ላይ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ቆሟል። ውስጥ አባቱ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተውታል። ሲያየኝ ከበሩ ደፍ ወረደ። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ፤ ትንፋሼ አልቆ መናገር አቃተኝ፣ ከበሩ ውስጥ ግን እኔ እናገራለሁ።

«...ናልኝ አልልህም። እኔ እመጣለሁ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ዓርብ ማይክራፎን ፊት «እመጣለሁ» ብዬ፣ ሁለት ቀን ቤቴ ተቀምጬ ነበር።

«መጣሽ» አለኝ። «አንዲት ቃል ነበር ያልኩሽ እኮ። አንዲት እንኳ አላስቀረሽልኝም። ሁሉንም ሰረዝሽው።»

«አልሰረዝኩትም። አላነበብኩትም።»

«ምኑን?»

«ጀርባውን። የሥራ መስሎኝ... የእሷን ጀርባ ተመልከቺ ያልከኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ነው ያየሁት፣ እናቴ ናት ያሳየችኝ። ባዶ ወረቀት የሰጠኸኝ መስሎኝ ተናደድኩና ተናገርኩ።»

መጀመሪያ ሳቁ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ዓይኑ እየሰፋ ሲሄድ አየሁት። ነገሩን ከጀመረበት እየቆጠረ ነው፤ ወረቀቱን፣ መስታወቱን፣ የሃያ ዓመቱን መስኮት።

«ታዲያ ዓርብ ያልሽው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለደብዳቤዬ መልስ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ማንም ሳይጠይቅሽ?»

«ማንም።»

«ድምፁን የምትቀንሺው እኔን ለመስማት ነበር?»

«አንተን ለመስማት ነበር። ውሻውን ስታናግረው በጣም እወድ ነበር።»

በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ይህን ሁሉ ዓመት የተዘጋበት በር አድርጎ የያዘው ነገር ለእሱ የተከፈተ ጆሮ ኖሯል፤ ያን ሲያገኘው ትከሻው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። እንዲህ የሚባል ነገር በሰው ላይ ይደርሳል ብዬ፣ የሰው ፍቅር ሳነብ ስኖር፣ አንድም ቀን አላመንኩም ነበር። እጄን ዘረጋሁለት። ያዘው።

ያን ጊዜ የመዝጊያው ሙዚቃ ከየቤቱ ተሰማ። «ማማው» አለቀ። በሮች መከፈት ጀመሩ። ፀጉር ሠሪዋ ወጣች፣ ግማሽ ራሷን የተሠራችው ደንበኛ ወጣች፣ ጫማ ሠሪው፣ ከፎቁ ሕፃን ያዘሉት፣ ሁሉም ዓይናቸው ቀልቶ። መንገዱ በአንዴ ሞላ። የትልቁን ቤት ልጅና የዘበኛውን ልጅ አዩ። አባቱም ከኋላችን በሩ ላይ ብቅ ብለው በድንጋጤ «እሜቴ!» ሲሉኝ ሰማሁ። የእሱ ጣቶች እጄ ውስጥ አላባቸው፤ ሊለቀኝ ነው ብዬ ልቤ ቀጥ አለ።

«አባዬ፣ አንቺ በላት» አለ፤ እጄንም ጠበቅ አድርጎ ያዘው።